ኒኬል ሲሻለው

ይድረስ ለሕንፃዎቻችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለጉልበቶችዎ፣ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ቢሮዎ ከመሬት እኩል ስለሆነ ጉልበቶችዎ ደኅና እንደሚሆኑ ባልጠራጠርም፣ የሰው ጤና ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው ብላ ያሳደገችኝ እናት አለችኝ። ይህም ደብዳቤ ስለ እሷ ነው።

እኔ በመካከለኛው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር የምኖር፣ መነጽር በመጠገን የማድር ነዋሪዎ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ስለ አዲሱ የደረጃ መደገፊያ ያለንን አስተያየት በጽሑፍ እንድናቀርብ በትሕትና ጠይቀውናል። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና እነሆ ጽፌአለሁ። ጎረቤቶቼም በምስጋናው እንዲካፈሉ ስል ደብዳቤውን ከእርስዎ ማስታወቂያ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፩ኛ፦ አሮጌውን መደገፊያ ስላስነሡልን አመሰግናለሁ። ቀለሙ የተላጠ፣ የያዘውን እጅ የሚያጠቁር፣ ነገር ግን ከግድግዳው ጋር ሙጭጭ ያለ ብረት ነበር። እርስዎ ግን «ለእናንተ የሚገባችሁ የማይዝግ፣ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ ቱቦ ነው» ብለው፣ በአንድ ቅዳሜ አሮጌውን ከላይ እስከ ታች አስቆርጠው ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ አስረከቡት። አዲሱን ሳይገዙ አሮጌውን ማስነሣትዎ ቦታውን ቀድሞ ለማሰናዳት ካለዎት ጉጉት የመነጨ መሆኑን እረዳለሁ።

እናቴ ያንን ብረት በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎኗን አዙራ፣ አንድ አንድ ደረጃ እየለየች በየማለዳው ትወርድ ነበር። የምትወርደው ግቢውን ተሻግራ ከእኛ ትይዩ ባለው ሕንፃ፣ ከመሬት እኩል በሆነች ቤት ወደምትኖረው ታናሽ እኅቷ ነው። አክስቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አንዲት ደረጃ አትወጣም። ስለዚህ በእናቴና በአክስቴ መካከል የነበረው መንገድ ያ አሮጌ ብረት ብቻ ነበር፤ ይህን ግን እርስዎ እንዲያውቁ የነገረዎት አልነበረም፤ እኛም እስኪቆረጥ ድረስ አላወቅነውም።

፪ኛ፦ ስለ ሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። አዲሱ ቱቦ መቼ ይመጣል ብለን በጠየቅን ቁጥር፣ «የማይዝግ የብየዳ ቱቦ የገበያ ዋጋን የሚወስኑ ምክንያቶች» የሚል ጥናት በሰሌዳው ላይ ይለጠፍልን ነበር። ብረቱ እንዳይዝግ የሚቀላቀልበት ኒኬል የሚባል ማዕድን በዓለም ገበያ ሲወጣ ቱቦውም አብሮ እንደሚወጣ፤ የቱቦው ግድግዳ በጥቂቱ ሲወፍር ዋጋው በብዙ እንደሚወፍር፤ የብየዳው መስመር እንዳይታይ መሞረድና መወልወል ራሱን የቻለ ወጪ እንደሆነ፤ የመርከብ ኪራይ፣ የውጭ ምንዛሬ፣ ግንባታ የሚበዛበት ወራት፣ እንደ እኛ ጥቂት የሚያዝዝ ሰው ብዙ ከሚያዝዘው ይልቅ የሚከፍለው ትርፍ፤ ይህን ሁሉ ያወቅነው በእርስዎ ነው። ጥናቱ ሐሰት አለበት አልልም፤ አንድም ሐሰት አላገኘሁበትም። የምንይዘው ነገር ጠይቀን የምናነበው ነገር ማግኘታችን ብቻ ነው።

በተለይ ያደነቅሁት የቢሮዎን ብልኅነት ነው። ዋጋው ሲወጣ እስኪወርድ እንጠብቅ አሉን። የወረደ ጊዜ ደስ ብሎኝ የደንበኛ መነጽር በእጄ እንደያዝኩ ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ መውረድ የጀመረ ዋጋ ገና ስለሚወርድ መቸኮል ኪሳራ ነው ብለው በፈገግታ መለሱኝ። ቀጥ ብሎ በቆመ ጊዜ ደግሞ፣ የቆመ ዋጋ አያስተማምንም ተባልን።

፫ኛ፦ ስለ ኒኬል። እኔ ማታ ጥናቱን ለእናቴ አነብላታለሁ፤ እናቴ ጠዋት በመስኮት ብቅ ብላ፣ በሯ ላይ ወንበር አውጥታ ለምትቀመጠው እኅቷ ጮኻ ትነግራታለች። ከአራተኛ ፎቅ እስከ መሬት ቃል ሲወርድ መንገድ ላይ የሚቀር ነገር አለ። «ኒኬል ጨመረ» ስትላት፣ አክስቴ «ውይ! ሕመሙ ነው የጨመረበት?» አለቻት። ኒኬል ማለት ቱቦውን የሚበይደው ሰውዬ መስሏት ኖሯል። እናቴም ነገሩ በደንብ ስላልገባት፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሱ ካልተሻለው አይሠራላችሁም ነው የሚሉት» ብላ አጸናችላት። ከዚያ በኋላ አክስቴ በየጠዋቱ ከእናቴ ጉልበት ቀጥላ የኒኬልን ጤና መጠየቅ ልማዷ ሆነ። ኒኬል ወደቀ በተባለ ጊዜ፣ ደረቷን ደቅታ «እኔን! ምን፣ እሱም የሚይዘው አጥቶ ነው?» አለች።

ላርማት ብዬ ሄጄ ኒኬል ሰው ሳይሆን የብረት ዓይነት እንደሆነ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ብረት ከሆነማ ምን አባቱ ያመዋል?» አለችኝ። በማግስቱም ከወንበሯ ሆና እንዴት እንዳደረ ጠየቀች።

፬ኛ፦ በመስኮት መጮህ የግቢውን ክብር ይቀንሳል ብለው ስላወጡት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። እኅትማማቾቹ ሕግ አክባሪ ናቸውና ወዲያው ወደ ምልክት ዞሩ። ኒኬል ከወጣ እናቴ እጇን ወደ ላይ፣ ከወረደ ወደ ታች፣ ከቆመ ደግሞ መዳፏን ዘርግታ ታሳያለች፤ አክስቴም ራሷን ትነቀንቃለች። ለአሥር ወራት ያህል የተነጋገሩት በዚሁ ነው። ሌላውን የሆድ የሆዳቸውን በምን ምልክት እንደሚባባሉት እኔ አላውቅም።

ልጅ ሆነህ እንዴት አልተሸከምካትም ይሉኝ እንደሆነ፣ ደጋግሜ ለምኛታለሁ። «እኔ ጆንያ ነኝ? በእግሬ ነው የምወርደው፤ ኒኬል ሲሻለው» ትለኝ ነበር። አክስቴንም ወደ ላይ እናውጣሽ ብለናት መልሷ ከጆንያው አላለፈም። የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

፭ኛ፦ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ጥናትዎ እንዳበሠረን፣ ኒኬል ከዚያ በፊት ወርዶ ወደማያውቀው ወረደ። እናቴ ምሥራቹን ይዛ በመስኮት ብቅ አለች፤ እጇንም እስከምትችለው ድረስ ወደ ታች ዘረጋች። በአክስቴ በር ላይ ወንበር አልነበረም። እናቴ እጇን ሳታነሣ ቆየች። በኋላ ጎረቤቶች በሩን አስከፈቱ፤ አክስቴ በእንቅልፏ ሳለች ነበር ያረፈችው።

ለቀብሯ ጀርባዬን ሰጥቼ ከእናቴ ፊት በርከክ አልኩ። ስለ ጆንያ ያለችኝ ነገር የለም። እጇን በራሷ ጊዜ አንገቴ ላይ ጠመጠመች፤ አወረድኳት፤ ከቀብር መልስም አወጣኋት። ቀላል ነበረች።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ መቆጣት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ የደብዳቤው ሥርዓትም ይህንን ይጠይቃል። ቁጣውን ፈልጌ ግን አላገኘሁትም። ጠዋት ተነሥቼ መነጽር እጠግናለሁ፤ ማታ ገብቼ እበላለሁ፤ የምበላውም ውኃ ውኃ ይለኛል። ደንዝዣለሁ። ስለዚህ ቅሬታዬ ቀዝቃዛ ሆኖ ቢያገኙት ከንቀት እንዳይቆጥሩብኝ።

፮ኛ፦ በመጨረሻም ቱቦው መጣ። የመጣው ዋጋው ከመቼውም ይልቅ በናረበት ወር መሆኑን ከራስዎ ጥናት አንብቤአለሁ፤ ምክንያቱ ጎብኚዎች ሊመጡ መሆኑንም ከጥበቃው ሰምቻለሁ። ጎብኚዎችም የገበያ ዋጋን ከሚወስኑ ምክንያቶች አንዱ ናቸውና በሚቀጥለው ጥናት ቢካተቱ መልካም ነው። ሥራውን አልነቅፍም። ያምራል፤ የብየዳው መስመር የት እንዳለ በማጉያ መነጽር ተፈልጎ እንኳ አይገኝም።

እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። እስከ ደረጃው አፍ ድረስ ወጣች፤ ጎንበስ ብላ ፊቷን ቱቦው ውስጥ አየች። «ይሄ ነው ኒኬል?» አለችኝ። ውስጡ አለበት አልኳት። «እሰይ፣ ተሻለው ማለት ነው» አለች። ቀጥላም፣ ለእኔ ይሁን ለቱቦው ሳይታወቀኝ፣ «አሁን ወርጄ ማን ጋ ልሂድ?» አለችና ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ደረጃው ወጥታ አታውቅም፤ መስኮቱንም መጋረጃ ጋርዳበታለች።

ስለ አዲሱ መደገፊያ ያለን የቤተሰባችን አስተያየት ይኸው ነው።

ጉልበትዎን ሳያምዎ፣ ቢሮዎም ከመሬት ከፍ ሳይልብዎ፣ የሚወዱት ሰው ሁሉ ደረጃ በሌለበት መንገድ እየመጣ እየጠየቀዎ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

የእርስዎው አመስጋኝ፣
የአራተኛው ፎቅ መነጽር ጠጋኝ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስወርድ ኒኬል ዛሬም መጨመሩን የሚገልጽ አዲስ ጥናት በሰሌዳው ላይ አየሁ። መሥሪያ ቤትዎ ማትረፍ ከፈለገ፣ ከእኛ በር እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ያለውን ቱቦ አስፈትተው ቢሸጡት አንቃወምም። የጎን ጎረቤታችን ቤቱን ዘግቶ ከሄደ ቆይቷል፤ እኔም የምወርደው እጄን ኪሴ ከትቼ ነው። የማንም እጅ ስላልነካው እንደ አዲስ ይሸጣል።