የማደሪያው ፉርጎ ጎማዎች

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሌንሳ፦

የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቸኩዬ ነው የምጽፍልሽ። አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፤ ሾፌሩ ነቢዩ ሚኒባሱን ይዞ ሰርቦ ወደሚገኘው ቤቱ የሚሄደው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ከዚያው ተነስቶ ወደ እናንተ ይመጣል። ዛሬ ካላስረከብኩት፣ ሰኞ ለሠልጣኞችሽ የምታሳዪው የጥገና ባቡር ሞዴል መጨረሻው የተቆረጠ ይሆናል።

አምስቱ ፉርጎዎች ከማክሰኞ ጀምሮ ታሽገዋል። ባቡር በዓይኔ አይቼ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ፤ በላክሽልኝ ሥዕል ነው የሠራኋቸው። ጠጠር የሚያፈሰው የድልህ ቆርቆሮ ነበር፤ ጠጠሩን ከመንገድ ዳር ለቅሜ በወንፊት ነፋሁት። ሐዲድ የሚጭነውንና ክሬኑን ከዋንዛ ጠረብኳቸው። የሠራተኞቹን ማደሪያ ለመጨረሻ ያቆየሁት፣ አንቺ በሐዲድ ጥገና ሥራ ላይ ሳለሽ ያን ያህል ጊዜ ያደርሽበት ዓይነት ስለሆነ ነው። በሥዕሉ ላይ የለም እንጂ ከበሩ አናት ትንሽ መስቀል ቀርጬበታለሁ።

ችግሬ ጎማ ነው። ከላክሽልኝ የብረት ጎማዎች አራት ጎደሉ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ክሬኑ ከባድ ዕቃ የሚያነሳ ነው ብዬ እንደ ቡና ጫኝ መኪና ደራርቤ ስምንት አደረግኩለት። አሁን ልንቀል ብል ይሰበራል። ለማደሪያው ከእንጨት ጠረብኩ፣ ከቆርኪ ሞከርኩ። በመጨረሻ አዲስ የስፌት መኪና ክር ማጠንጠኛ ገዝቼ ገጠምኩ። ልኩ መጣ፤ ግን ክብደት የለውም፣ ለመሞከሪያ በዘረጋሁት ሐዲድ ኩርባው ላይ ሲደርስ ይዘላል። ሦስቴ ገፋሁት፣ ሦስቴም በጎኑ ወደቀ። ዛሬ ጠዋት በሩ ተገንጥሎ በሙጫ መለስኩት። የሚያስፈልገው የድሮው ከባዱ ማጠንጠኛ ነው። የት እንዳለ ከሰኞ ጀምሮ አውቅ ነበር። እዚያ ላለመሄድ ነው ቆርኪ ስቀጠቅጥ የከረምኩት።

የእናትሽ የትርፌ የስፌት መኪና እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ቲጃኒ ልብስ ሰፊው ጋ ናት። ትርፌ ካረፈች አርባ ቀኗ ሳይሞላ የሸጥኩለት እኔ ነኝ። አንቺ ለአርባዋ መጥተሽ መኪናዋ የነበረችበትን ጥግ ባዶ ስታገኚው በማግስቱ ሄድሽ። ቤቱን ከረገጥሽው ይኸው ሦስት ዓመት።

ዛሬ አርብ መሆኑን ረስቼ ቲጃኒ ጋ ስደርስ ሱቁ ተዘግቷል፤ ለጁምዓ ጸሎት መስጊድ ሄዷል። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ዳዊት በቃሌ ጀመርኩ። ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነውና መስመሩ እየጠፋኝ ከመጀመሪያው እመለሳለሁ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ።

«ማሎ፣ ምነው ጋሽ ነጋሳ» አለኝ ቁልፉን እየፈለገ፣ «በዚህ ባለፉ ቁጥር ፊትዎን ወደ ማዶ ያዞሩ ነበር። ዛሬ ሱሪ ሊያስጠብቡ ነው?»

የመጣሁበትን ነገርኩት። የመኪናዋን መሳቢያ ስቦ አራቱን ማጠንጠኛ አወጣና መዳፌ ላይ አኖራቸው። «ለሌንሳ ከሆነ ይውሰዱ። እሷም በሁዳዴ መጥታ ነበር እኮ። እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣ የነጠላዋን ጠርዝ ሰፋች፤ ‹አደራ መኪናዋን እንዳትሸጣት› ብላኝ ሄደች።»

ከዚያ ወዴት እንደሄድሽ ጠየቅኩት።

«እኔማ እርስዎ ጋ ያደረች መስሎኝ ነበር» አለ።

ልጄ፣ ከመርካቶ እኛ ቤት አንድ ባጃጅ ነው። ይህን የማነሳው ልወቅስሽ አይደለም። መንገዱን በሙሉ ማጠንጠኛዎቹን ጨብጬ ስመጣ ራሴን ነው የጠየቅኩት።

ያኔ መኪናዋን ለምን ሸጥካት ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ ቤቱ ጠበበኝ ብያለሁ። ውሸቴን ነው። እናትሽ ስትሰፋ ያቺ መኪና እንዴት እንደምትጮህ ታስታውሻለሽ። «አንድ ቀን እንኳ ጸሎቴን በጸጥታ ላድርስ» እያልኩ እቆጣት ነበር፤ እሷም ሥራዋን ትታ እጇን አጣምራ ትጠብቀኛለች። ካረፈች በኋላ የለመንኩትን ጸጥታ አገኘሁ። መኪናዋ ጥግ ላይ ዝም ብላ ስታየኝ አባታችን ሆይን እንኳ መጨረስ አቃተኝ። ስለዚህ አስወጣኋት። ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ቀድሜ መናገር የነበረብኝ ግን ለአንቺ ነበር።

ቤት ገብቼ ገጠምኳቸው። ፉርጎው ኩርባው ላይ ሲደርስ ማየት አቅቶኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ማዶ ቆሟል። ሁለቴ ደገምኩት፤ አልወደቀም።

ቲጃኒ ይመለሱልኝ አላለም። በውሰት ነው የምወስዳቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ትምህርቱ ሲያልቅ ይዘሻቸው ነይ። የቤቱን ቁልፍ አልቀየርኩም።

ትርፌን በሰላም ያሳረፈ አምላክ ሐዲድሽን ያቅናልሽ፤ በምታድሪበት ሁሉ ጠባቂ መልአክ ደጅሽ ላይ ይቁም።

አባትሽ ነጋሳ

ነቢዩ ደጅ ላይ ጥሩንባ እየነፋ ነው። አንድ ነገር ረሳሁ፦ ማደሪያው ሲሄድ ይጮኻል። አንዲት ጠብታ ዘይት ይበቃው ነበር፤ ጠርሙሱም አጠገቤ ነው። ሳልቀባው አሸግኩት። ድምፁን ሰምተሽ፣ እንደሚሆንሽ አድርጊው።