ስለሚከፈተውና ስለሚደፈነው መስኮታችን

ይድረስ፦ በከተማችን በጭሮ ምግብ ቤት ሥራ ሳይጀምር ንጽህናውን አይቶ ለሚፈቅደው ቢሮ፣ ለተከበሩ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ቤታችን ተዘግቶ ለእርስዎ ከመጸለይ በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለን፣ ደኅና እንደሚሆኑ አንጠራጠርም። እኔ ፈለቀች እባላለሁ፤ ከጎረቤቴ ከኡሙልኸይር ጋር መናኸሪያው አጠገብ የፉልና የሽሮ ቤት ለመክፈት ተነስተናል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ጠረጴዛ ይብላ ብለን ሥጋ የሚባል አናስገባም። ቤቱ ተቀብቷል፣ ቧንቧው ገብቷል፤ የቀረው የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለሙያዎን አቶ ጉግሳን ስለላኩልን እናመሰግናለን። መጀመሪያ የመጡት ከሰዓት በኋላ፣ ጫታቸውን ቅመው፣ ምርቃናው ሞቅ ባለበት ሰዓት ነበር። ወይ አርቆ ማሰብ! ወጥ ቤቱ መተንፈስ አለበት ብለው የመንገዱን ግድግዳ በስንዝር ለክተው ሰፊ መስኮት እንዲወጣለት አዘዙ፤ ወደፊት ፎቅ ስንሠራ ደረጃው በየት እንደሚወጣ ሳይቀር አሳዩን። እኛ ፎቅ አላሰብንም ነበር፤ ኡሙልኸይር ግን ደስ እንዲላቸው ኢንሻአላህ አለች። ግንበኛ ጠርተን ግድግዳውን አፈረስን።

፪. ሁለተኛ የመጡት በጠዋት ነው። የጫት ሐራራ የያዘው ሰው ጠዋት ምን እንደሚመስል ለሐረርጌ ሰው አይነገርም። መስኮቱን ገና ሲያዩት ፊታቸው ተቋጠረ፤ የባጃጅ አቧራ ድስት ውስጥ የሚያስገባ ቀዳዳ ማን ክፈቱ እንዳለን ጠየቁ። «እርስዎ ነዎት» ማለት ነውር ሆኖብን ግንበኛውን መልሰን ጠራን። ደፈንነው።

፫. ሦስተኛው ጉብኝት እንደገና ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ መስኮቱ የት ሄደ ተባልን። ከፈትነው። አራተኛው በጠዋት ነበር፤ የቀረውን እርስዎ ይገምቱት። ግንበኛችን ብሩኬ ሌላ ሥራ መፈለግ ትቷል፤ በቢሮዎ ቸርነት አንድ የከተማ ሰው ቋሚ እንጀራ አግኝቷልና እግዜር ይስጥልን።

፬. ልመናዬ ቀላል ነው። የጠዋቱና የከሰዓቱ አቶ ጉግሳ አንድ ቀን ተገናኝተው ይስማሙልን።

ሆድ ግን እስኪስማሙ አይጠብቅም። ኡሙልኸይር ልጆቿን የምታበላው ብታጣ ድስቷን አውጥታ በተዘጋው ቤታችን ፊት ለፊት፣ ቦዩ ዳር፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣለች። እዚያ ግድግዳ ስለሌለ መስኮት የለም፤ መስኮት ስለሌለ የሚመጣባት ተቆጣጣሪ የለም። ንጹሑ ቧንቧ እቤት ተቆልፎበት፣ እሷ ሳህኑን ሁሉ በአንድ ባልዲ ውሃ ስታጥብ ትውላለች። የሰው ልጅ በእኔ እጅ ታመመ እንዳይባል እያለች እንቅልፍ አጥታለች። እኔም ክቡርነትዎን እንዳከበርሁ ልናገረውና፣ ተናድጃለሁ። ይህች ሴት ድስት ሳትከድን ዞር የማትል ናት፤ ዝንብ ካለበት ቦታ ያስቀመጣት ቢሮው ነው።

ፈቃድዎን በትዕግሥት፣ ትዕዛዝዎን በሲሚንቶና በአሸዋ የማከብር፣ ለእድሜዎ መርዘም ከመስኮቱም ከግድግዳውም በኩል የምጸልይ፣
ታዛዥዎ ፈለቀች
ከጭሮ

ማስታወሻ፦ አቶ ጉግሳ እኛ ቤት ሲመጡ፣ ገና ፈቃድ ያላገኘ ቤት ነው ብለው ሻይ እንኳ አይቀምሱም ነበር። ትናንት ከጫት በርጫቸው በፊት ሆዳቸውን ሊያሲዙ ቦዩ ዳር ዱካ ላይ ተቀምጠው ፉል አዘዙ፣ ደገሙም። ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ሲነሱ ኡሙልኸይርን በሐዘኔታ አይተው፣ «እንዲህ ያለ እጅ ይዘሽ፣ ምነው ቤት ብትከፍቺ?» አሏት።