ካርታ ላይ የሌለ የአማች አገር

ሐሙስ፣ ግንቦት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

የለም። አትላሱን ሁለት ጊዜ ገለበጥሁ፤ የልጁ መንደር የለም። ልጄ ሶስናም በኢንተርኔት ፈልጋ አጣችው። «አባዬ፣ ትንሽ መንደር ስለሆነ እኮ ነው» አለችኝ። ልጄን ለጋብቻ የሚጠይቅ ሰው አገሩ ካልታወቀ ማንነቱ በምን ይታወቃል? ጠያቂው ቶማስ ከስቶክሆልም ወጣ ባለችው በሶደርተልየ ከተማ መሐንዲስ ነው፤ ሥራው ዋስ አይሆነኝም። ሃይማኖቱ አያሳስበኝም፤ ደቡብ ሕንድ ያለችው ቤተ ክርስቲያናቸው የእኛዋ እኅት ናት። አባቱ ለዚሁ ጉዳይ ከሕንድ መጥተዋል። ቅዳሜ ሽማግሌ ሆነው ይመጣሉ። ሥርዓቱ በሥርዓቱ ይፈጸማል፤ ስቶክሆልም መኖራችን አይሽረውም።

ቅዳሜ

ሦስት ሆነው መጡ፦ የቶማስ አባት፣ የሰበካችን አቶ መኮንን፣ ሦስተኛው ደግሞ የቶማስ የሥራ ባልደረባ የሆነ ረጅም ስዊድናዊ። «አረፍ በሉ» አልሁ። አቶ መኮንን፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ስዊድናዊው ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ክንዱን ይዘው አቆሙት።

አዛውንቱን የቶማስ አባት በእንግሊዝኛ ጠየቅኋቸው። ተማሪ ሳለሁ የጂኦሜትሪ መምህሬ ሕንዳዊ ስለነበሩ የአዛውንቱ አነጋገር አልከበደኝም። መንደርዎ ስንት ሰው ይኖርበታል?

«ሁለት መቶ አባወራ ቢሆን ነው። ወጣቱ ለሥራ ዐረብ አገር እየሄደ ሳሳን።»

በምን ይደረሳል?

«ከባቡር ጣቢያው አውቶቡስ አለ። አውቶቡሱ ወንዙ ዳር ያበቃል፤ ከዚያ ታንኳ ነው።»

ልጄ እዚያ ብትታመምስ?

«ዝናብ ሲበረታ ታንኳው ይቆማል፤ ሰው ይጠብቃል። ድልድይ ይሠራል ይባላል። እኔ ሲባል ነው ያረጀሁት» አሉ።

ወደድኋቸው። ልጅ ሊለምን የመጣ ሰው አገሩን ሲያሳምር እንጂ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። «ዘመድ ላማክር፤ ተመለሱ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ሶስና ወጥ ቤት ሆና ሰምታለች። በስዊድንኛ ጮኸችብኝ፤ «እዚህ አገር ‹ላስብበት› ማለት እምቢ ማለት ነው!» ማለቷ ነበር። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

እሑድ

ስልክ አታነሣም። ባለቤቴ፣ «ይህን ሥርዓት ለልጅቷ ማን ነገራት? ለቶማስ አባትስ?» አለችኝ። አቶ መኮንን አስረድተው ይሆናል አልኋት። ከቅዳሴ በኋላ ጠየቅኋቸው።

«እኔማ እርስዎ የነገሯቸው መስሎኝ!» አሉ።

ባለቤቴ «ደውልላቸው» ትላለች። የሴት ልጅ አባት ደውሎ ‹ኑና ውሰዱልኝ› ይላል? አይደረግም።

ሰኞ

ማንም አልመጣም። አዛውንቱ በዚህ ሳምንት ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁ። ባለቤቴ አየችኝ።

«አባቴ ሽማግሌዎችህን ሦስቴ ሲያመላልሱ እንቅልፍ አልነበረህም» አለች።

እውነት ነው። ግን አልደወልሁም።

ማክሰኞ

ረፋድ ላይ በር ተንኳኳ። አዛውንቱ ናቸው፤ ብቻቸውን። ልጃቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ። ወንበር አመለከትሁ፤ አልተቀመጡም።

«ልጆቹ እምቢ ተባልን ብለው ያለቅሳሉ» አሉ። «እኔ ግን የሰማሁት ‹ተመለሱ› የሚል ነው።»

«ብያለሁ።»

«በእኛ መንደር ሴት ልጁን በመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጥ አባት፣ ልጁ ሰልችታው ነው ይባላል። ይኸው ተመለስሁ።»

ከሶደርተልየ እስከ እኛ ሰፈር፣ እስከ ቮርቢ ጎርድ፣ መንገዱ እንዳልጠፋባቸው ጠየቅሁ። ባቡርና አውቶቡስ እየቀያየሩ፣ አድራሻውን ለሰው እያሳዩ ነው የመጡት። «ታንኳ የማይጠበቅበት አገር ሁሉ ለእኔ ቅርብ ነው» አሉ።

በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዘመድ ማግኘት ክብር ነው። «አሁን ይቀመጡ» አልኋቸው። ገባቸው፤ ተቀመጡ። ባለቤቴ እልልታዋን ጎረቤት እንዳይደነግጥ በመዳፏ አፍና ነበር፤ ኋላ ለቀቀችው።

ሶስና ሥራ ላይ ናት፤ አሁንም አታነሣም። እሺ ማለቴን በመልእክት ትቼላታለሁ። ትሰማው ይሆን? አዛውንቱ ግን ከመሄዳቸው በፊት የአትላሴን የሕንድ ገጽ ገልጠው፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ላይ ነጥብ አኖሩ። መጽሐፍ ላይ መጫር ነውር ነው እያልሁ ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። እርሳሱን ያቀበልሁ ግን እኔው ነበርሁ።