ቀይ በቀይ ላይ

ቅዳሜ፣ ጥር 13 ቀን 1964 ዓ.ም.

ሰኞ ለተማሪዎቼ የማሳየውን የሰፌድ ቀለም ደንብ፣ የትኛው ቀለም በየትኛው ላይ እንደሚሰፋ፣ በክብና በቀስት በሁለት ዓይነት ሣልኩት። እያንዳንዱ ቀስት ቀጥሎ የሚሰፋው ዙር ቀለም ነው። ከመሃሉ ጀምሮ ቀስቱን ተከትሎ መጨረሻው ክብ የደረሰ ሰፌድ ደንቡን ጠብቋል። የመጀመሪያው ሥዕል ፈጽሞ አይስትም፤ ግን አሥራ አንድ ክብ ፈጀ። ሁለተኛው በአራት ክብ አለቀ፤ ጥፋቱ ቀይ በቀይ ላይ ሲመጣ ዝም ብሎ ማሳለፉ ነው።

ደንቡን ያስተማሩኝን ጎረቤቴን ወይዘሮ ፋጡማን ጠየቅኋቸው፤ «ቀይ በቀይ ላይ ይሰፋል እንዴ?»

«ወላሂ ነውር ነው!» አሉ። ወዲያው ለሠርጋቸው ሰፍተው ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ሰፌድ አዩና ሳቃቸው አመለጣቸው። ቀይ በቀይ ላይ! «ሠርጉ ደርሶ ቸኩዬ ነበር፣ ልጄ።»

ከቤቱ ሰፌድ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ባለ አሥራ አንድ ክቡ ሥዕል ይጥለዋል፤ ባለ አራቱ ያስገባዋል። ታዲያ ሰኞ የቱን «ትክክለኛው» ልበል?