የቦራን ልጅ አልሰጥህም

ኖፓ፣ ጥቅምት 1950 ዓ.ም.

ውድ አምባዬ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ያለሱ ስለማይጀመር ነው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ፤ ያኔ «እትዬ ሽብሬ፣ ለጠላትም ቢሆን ውድ ተብሎ ነው የሚጻፈው» ብለኸኛል። ይኸው፣ እንዳስተማርከኝ ጻፍኩ።

መልእክተኛህ ኩማ ቅዳሜ ዕለት ደብዳቤህንና ስኳር ይዞ መጣ። ኩማ ምን አጠፋ፤ አብልቼ አጠጥቼ ሸኘሁት። ስኳሩን ግን መልሶ ይዞልህ ሄዷል። ደብዳቤህን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። የአባባ ባጫ ቤት ያልተኮላሸ ፈረስ ደብቆ መኖሩን ሰምተሃል፤ ነገሩን በክፉ አላየኸውም፤ ለአገር ጥቅም ሲባል ድንጉላው ወደ መቱ ይላክና በመሥሪያ ቤትህ በረት ይያዝ ትላለህ። «ስለ በላነው እንጀራና ጨው» ብለህም ለምነኸኛል። ከታች ደግሞ፣ እምቢ ካልኩ ነገሩ በሕግ እንደሚሆን ጨምረሃል። ልመናና ዛቻ በአንድ ወረቀት ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

እንጀራና ጨው ካነሳህማ እኔም ላንሳ። ጣሊያን መቱ የገባ ጊዜ አባትህ ዱር ገባ፤ እናትህ እትዬ ሮማነወርቅ እጅህን ይዛ ደጃችን መጣች። አባቴ ሁለታችሁንም ፈረሱ ላይ አስቀምጦ፣ እሱ በእግሩ እየመራ፣ ሶር ፏፏቴው አጠገብ ያለው ጫካ አደረሳችሁ። ነፃነት እስኪመጣ ከኛ ጋር ከአንድ ገበታ በላህ። ፈረስ መጋለብም ያስተማረህ አባቴ ነው። ስትወድቅ እየሳቀ ያነሳህ ነበር፤ እኔን እንደዚያ ሲያነሳኝ አላስታውስም።

ያ ፈረስ ቦራ ነበር። በኛ ቤት ግንባሩ ነጭ የሆነ ድንጉላ ሁሉ ስሙ ቦራ ነው፤ አንዱ ሲያረጅ ልጁ ስሙን ይወርሳል። አባቴን ባጫ ብሎ የሚጠራው ግብር ሰብሳቢ ብቻ ነበር። ከቡሬ እስከ መቱ ያለ ሰው የሚያውቀው «አባ ቦራ» ብሎ ነው። ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፣ ሲሞትም ፈረሱ ኮርቻና ግላስ ለብሶ ለቅሶው መሐል ይዞራል፣ ሴቶቹም በፈረሱ ስም እየጠሩ ያለቅሱታል። ይህን አላውቅም እንዳትለኝ። አጎቴ ሁንዴሳ የሞተ ጊዜ ልጓም ይዘህ ፈረሱን ያዞርከው አንተ ነህ። ንፍጥህን የጠረግኩልህ ደግሞ እኔ።

ከዚያ አዲስ አበባ ሄደህ ተማርክ፤ የከብት እርባታ ሹም ሆነህ መጣህ። የፈረንጅ ድንጉላህን በጭነት መኪና ጭነህ መቱ የገባህ ቀን እኔም ከሰዉ መሐል ነበርኩ። ፈረሱ ያምር ነበር፤ አልዋሽም። ቁመቱ የቤት ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረው፣ ቆዳው እንደ ተቀባ ያበራል። አባቴ እንኳ ዙሪያውን ዞሮ አይቶት «ፈጣሪ ሲያሳምር!» አለ። በቡሬ ገበያ ቀን አዋጅ አስነገርክ፤ ባዝራ ያለው ሁሉ እያመጣ በነፃ ያስጠቃ ተባለ። ሰዉ አጨበጨበልህ። ቀጥሎ የተነገረውን ሲሰማ ግን ጭብጨባው ቆመ፤ ዘር እንዳይበላሽ የአገሩ ድንጉላ ሁሉ ይኮላሻል።

ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው በማያውቁት አገር ሄዶ ነው። አንተ ግን በምናውቅህ አገር፣ ባሳደግንህ ሰዎች መሐል ነው ያልከው።

አባቴ ሊለምንህ ወደ መሥሪያ ቤትህ ሲመጣ አብሬው ነበርኩ። ጸሐፊዎችህ ፊት ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ቆመ። እንኳን ላንተ ለአባትህም እንደዚያ ቆሞ አያውቅም።

«ኢልማ ኮ» አለህ፤ ልጄ ማለቱ ነበር፣ ከልጅነትህ ጀምሮ እንደሚጠራህ። «ኢልማ ኮ፣ የሌላውን አላውቅም። ቦራን ተውልኝ። እኔ ስሞት ምን ይዘው ያለቅሱኛል?»

«አባባ፣ የእርስዎን ብተው ሌላው ምን ይለኛል? አበላለጠ አይለኝም?» አልከው።

«ይበልህ። እኔ አሳድጌህ የለ?»

ጸሐፊዎችህ ተያዩ። ያን ጊዜ አፍረህ ነው፤ አውቄብሃለሁ። ያፈርከው ግን በራስህ ሳይሆን በአባቴ ነው። ሳቅ አልክና «አይዞዎት፣ ያ ቀን ሲመጣ የኔን ፈረስ አስጭኜ እልክልዎታለሁ» አልከው። አባቴ ጋቢውን መልሶ ለበሰ።

ለሌላው መቀጣጫ እንዲሆን ብለህ መጀመሪያ ያስኮላሸኸው ቦራን ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሰዎችህ መጥተው ግቢያችን ዋርካ ሥር ጥለው አሰሩት። አንተ አልመጣህም። ቁስሉ በዝናቡ መገለ፣ ዝንብ ወረሰው። አባቴ ማታና ጠዋት እያጠበ ቅጠል ቢያስርለትም አልዳነም፤ ነሐሴ ላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ «አባ ቦራ» ብሎ የጠራውን ሰው ሁሉ «ባጫ በለኝ» እያለ ይመልስ ጀመር። ሰው ገና በሕይወት እያለ ስሙን ሲጥል አይተህ ታውቃለህ? እኔ አየሁ። መስቀል ካለፈ በኋላ እሱም ተኛ፣ አልተነሳም።

ለቅሶው ላይ ያደረግኸውን፣ አራት ዓመት አልፎት እንኳ፣ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው ተሰብስቧል፣ ፈረስ የለም። የአባቴ እህት ሻሽቱ የምትለው ጠፍቷት ደረቷን ብቻ ትመታለች። በዚህ መሐል የፈረንጁ ድንጉላህ የብር ልጓም ጎርሶ፣ ቀይ ግላስ ለብሶ፣ በሁለት አሽከሮች ተይዞ ከች አለ። አንተ ከኋላ፣ ጥቁር ለብሰህ፣ አንገትህን ደፍተህ። ቃልህን መጠበቅህ ነበር! አባቴ በቀልድ የሰማውን አንተ እውነት አደረግኸው። ያ ሁሉ አልቃሽ ፊቱን አዞረ። ፈረሱ እንኳ ጨንቆት መሬቱን ይጭር ነበር።

ሻሽቱ ተነስታ ልጓሙን ከአሽከርህ እጅ ወሰደችና መልሳ አንተን አስጨበጠችህ። «ይሄ ማን ነው?» አለችህ። «ስሙን ንገረኝና ላልቅስበት። አባ ማን ልበል ወንድሜን?» አለችህ። አንገትህን ይባስ ደፋህ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም? ፈረስህን ጎትተህ ስትወጣ አንድ ሰው እንኳ አልሸኘህም። ሰዎች ኋላ «ልጁ እኮ በደግ አስቦ ነው» አሉኝ። ይሆናል። ክፉ አስበህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ በጠላትነት ጠልቼህ አርፍ ነበር።

የቀረውን አንተም ታውቀዋለህ። ከድንጉላህ ከተወለዱት አብዛኞቹ የኛን ጭቃ አልቻሉም፤ የተረፉት ሴቶች ናቸው። እሱ ራሱ ባለፈው ክረምት በፈረስ በሽታ ሞተ። ዛሬ ከቡሬ እስከ መቱ ድንጉላ የሚባል ፈረስ የለም። ባዝራው ሁሉ ባዶውን ቆሟል። አሁን ያሉት ሲያረጁ በቅሎ የምትወልድልን ባዝራ ከየት ትመጣለች? ያለ በቅሎስ ማን ቡናውን በዚያ ማጥ አሻግሮ ጎሬ ያደርሰዋል? አለቆችህ ይህን ጠይቀውህ መልስ አጥተህ ይሆናል። እንቅልፍ የነሳህ ይኸው ነው እንጂ እንጀራና ጨው አይደለም።

አዎ፣ ድንጉላ አለኝ። ቦራ ሳይሞት ከአንዷ ባዝራችን ያስቀረው ነው። እንደ ተወለደ ግንባሩን አይቼ በዚያው ሌሊት ከነእናቱ ሶር ጫካ ለአጎቴ ልጅ ለበዳሳ ሰጠሁት፤ እናንተን በደበቅንበት ቦታ ካንተ ደበቅነው። አሁን ድንጉላህ ስለሞተ ከኔው ጋር ኖፓ አምጥቼዋለሁ። የቡሬ ሰው ባዝራውን እየጎተተ ይመጣል፣ ማንንም አልመልስም። ያንተም ባዝራ ብትመጣ አልመልሳትም፣ እሷ ምን በደለች? ኩማ ያምጣት። አንተ ግን ደጄን እንዳትረግጥ።

በሕግ ብለሃል። እንግዲያው ሕግ ካነሳህ፣ የማታውቀውን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከሰው ከምትሰማው ከኔው ስማው። አባቴ ሊሞት ሲል እኔንና ሻሽቱን ጠራን። «ይቺ ባዝራ አርግዛለች። ወንድ ከወለደች ለአምባዬ ስጭው» አለኝ። ትኩሳቱ ያስቀባዠረው መስሎኝ «ለማን?» አልኩት። «ለአምባዬ» አለ። «ሌላ ወንድ ልጅ የለኝም። ወጭት ሰባሪም ቢሆን ልጅ ልጅ ነው። ከኔ በኋላ አባ ቦራ የሚባለው እሱ ነው» አለኝ። እጁን ስሜ እሺ አልኩት።

ስለዚህ ፈረሱ ያንተ ነው። የመንግሥት አይደለም፣ የመሥሪያ ቤትህ አይደለም፤ ያንተ፣ የአምባዬ። ብትከሰኝ ሻሽቱ መጥታ የሰማችውን ትመሰክርልሃለች፤ ውሸት አታውቅም። እኔም ዳኛ ፊት አልክድም። ግን አልሰጥህም። ብታሳስረኝም አልሰጥህም። ለሟች የገባሁትን ቃል እያወቅሁ አፍርሻለሁ፣ ኃጢአቱም የኔ ነው። አባቴ በሰማይ ሲጠይቀኝ «ይቅር ያልከው አንተ ነህ፣ እኔ አላልኩም» እለዋለሁ።

የአባ ቦራ ልጅ፣
ሽብሬ ባጫ