ሟች የሌለው ጀናዛ

ኅዳር 3
የባጃጄ ጎማ ዛሬም ተነፈሰ። ጎረቤታችን አብዶ አብሮኝ ቀየረ። ደግ ሰው... ከሚሴ ውስጥ አንድ ዘመድ የለውም።
ከአዲስ አበባ የመጡ ፊልም ሠሪዎች ተኮናተሩኝ። የሚያዘው ዳይሬክተሩ ሳይሆን ሙዚቃውን የሚሠራው የሮክ ጊታሪስት ነው፤ ጸጉሩ ወገቡ ይደርሳል። ፍየል ክራባት አሰሩላት! ታሪኩ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ህልም ነው፣ ህልም አይጠየቅም አለኝ። ጤነኞች ናቸው?
ለአባቴ አልነገርኩትም።

ኅዳር 5
ጊታሪስቱ አዲስ ነገር አምጥቷል። ጀናዛ ይሸከማሉ፤ አስፋልቱ ላይ ጊታር ሲጮህ ሬሳው ተነስቶ ይጨፍራል። ሬሳው እኔ! ቀፈፈኝ። ግን ፊልም ላይ መታየት... እሺ አልኩ። ምን ነካኝ?

ኅዳር 6
ነጭ ጨርቅ ሸፍነው ተሸከሙኝ። ተሸካሚዎቹ የነሱው ሰዎች፣ አገሩን የማያውቁ። እኛ ዘንድ ጀናዛ ሲያልፍ፣ የማንም ይሁን፣ ሰው ሥራውን ጥሎ ይከተላል፤ እየተቀባበለ ይሸከማል። እኔ እንዴት ረሳሁት? የሱቅ በር ሲዘጋ ይሰማኛል። ከኋላ ኮቴ በዛ። ማነው ይላል አንዱ፤ እንግዳ ነው መሰል ይላል ሌላው።
ከዚያ የአባ ድምፅ... ጆሮዬ ሥር። ሊሸከመኝ ገብቷል!
«ያ ረቢ፣ ሰው አገር ለቀረው ዘመዱ አንተ ሁነው።»
ያለቅሳል። ለማያውቀው ሰው! ጊታሩ ጮኸ፤ ደንግጬ ቀና ስል ጨርቁ ከፊቴ ወረደ። ከአባ ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን።
ግርግር፣ ድንጋይ... ጊታሩን ሰባበሩት። አባ ትከሻውን ከሥሬ አውጥቶ ሄደ።

ኅዳር 10
አባ አያናግረኝም። አሰላሙ ዓለይኩም ስለው ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። እሱም ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና፣ አላህን ፈርቶ።

ኅዳር 14
ደጉ አብዶ ሞተ። ትናንት ደህና ነበር እኮ... ኢና ሊላሂ።
ጀናዛው በዚያው አስፋልት አለፈ። ማንም አልተከተለም። ባለሱቆቹ በራቸው ላይ ቆመው በዓይናቸው ካሜራ ይፈልጋሉ! አንዱማ «የእውነት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያን ቀን ይልቅ ዛሬ ደነገጥኩ። ምንድን ነው ያደረግነው?
አባ ከፊት ተሸክሟል፣ ላብ አጥምቆታል። እኔ ዳር ቆሜያለሁ... መግባት አፈርኩ። ዞሮ አየኝ።
«ኮቱ» አለኝ በኦሮምኛ። «ና፣ ትከሻህን ስጥ።»
ገባሁ።
መቃብር እስክንደርስ የሚቀበለን አልመጣም።