ማን ማንን ተከትሎ ሄደ

ለተከበሩ የቋሚ ነዋሪነት ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ጌታዬ ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ቤተሰብዎም ሳይጎድል በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰበ ይሁን እያልኩ፣ በዚህች አገር አሥራ ሰባት ዓመት ልብስ በመስፋት የኖርኩ ሴት መሆኔን አስታውቄ እጅ እነሳለሁ። ነዋሪነቴን የሰረዙበት ደብዳቤ ደርሶኛል። «ቋሚ» የሚለውን ቃል ትርጉም በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ ሕግዎ፣ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ዜጋ የትዳር ጓደኛውን ተከትሎ በውጭ የኖረበት ዘመን እዚሁ እንደኖረ ይቆጠርለታል ይላል። ባለቤቴ የዚህችው አገር ተወላጅ፣ የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለአራት ዓመት ወደ ውጭ ሲመድበው ጉልበቱን ያመው ስለነበር፣ «አንቺ ቅደሚና ደረጃ የሌለው ቤት ፈልጊልን» አለኝ። በአሥራ ዘጠኝ ቀን ቀደምኩት። እርስዎም ነገሩን በጥልቀት መርምረው፣ ቀድማ የወጣችው ሚስት ስለሆነች ተከታዩ ባል ነው፣ ስለዚህ አይቆጠርላትም ሲሉ ወሰኑ። ስንጋባ አንድ አካል ናችሁ ተብለን ነበር፤ ቆጥረው ሁለት መሆናችንን ስላረጋገጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፤ ባለቤቴ በአራተኛው ዓመት ልቡን ታሞ ዐረፈ። «አገሬ ቅበሪኝ» ብሎኝ ነበርና አስከሬኑን ይዤ መጣሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እሱ ያለ አንዳች ጥያቄ አለፈ፤ ዘመዶቹም ተቀብለው ወደ ቀብሩ ይዘውት ሄዱ። እኔን ግን ሠራተኛዎ ፋይሌን ሲያገላብጥ አምስት ሰዓት አቆመኝ። በመጨረሻ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ነዋሪነትዎ አጠራጣሪ ነው፤ ለጊዜው በእንግድነት ይግቡ» አለኝ። መቃብሩ ጋ ስደርስ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰዉም ተበትኖ፣ አካፋውን የሚያጥበው ቆፋሪ ብቻ ነበር የቀረው። ባሌን ለመቅበር እንግዳ ስላደረጉኝ፣ እንግዳ አክባሪነትዎን ለሰው ሁሉ እናገራለሁ።

ሦስተኛው ቅሬታ አይባልም። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ገላቸውን የማጥባቸው፣ መድኃኒታቸውን የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የሻንጣዬ ዚፕ ሲሳብ ሰሙና፣ «ልጄ፣ ደግሞ ማንን ልትከተዪ ነው?» አሉኝ። ልብስ ልከትበት ነው ብዬ ዋሸኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሻንጣውን ዳበሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምተኛው እጄን ይዘውት ነው።

ደብዳቤዎ ይግባኝ ማለት መብቴ እንደሆነ፣ ይህንንም ከአገር ከወጣሁ በኋላ ማቅረብ እንደምችል ይገልጻል። የተጣለን ሰው ከውጭ ሆነህ በሩን አንኳኳ ማለት ትልቅ ቸርነት ነው። ሐሙስ ጠዋት እወጣለሁ። አማቴን ጎረቤታችን ጡረተኛዋ አስተማሪ ልታያቸው ቃል ገብታልኛለች፤ እሷም ራሷ በምርኩዝ ነው የምትሄደው።

የሰጡኝን ቀን ሳላሳልፍ፣ የወሰዱብኝንም ዓመታት ሳልጠይቅ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤
ልብስ ሰፊዋ፣ የጉድጓድ ቆፋሪው ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከደብዳቤዎ ጋር የተያያዘው መጥሪያ፣ ባለቤቴ በመጪው ማክሰኞ በአካል ቀርቦ ማን ማንን እንደተከተለ እንዲያስረዳ ያዝዛል። መጥሪያውን የሚያደርሰው ሠራተኛዎ እንዳይቸገር፣ ስሙ ገና በድንጋይ ላይ አልተቀረጸምና፣ አፈሩ ያልደረቀውን መቃብር ይፈልግ።